አያቴን በባለአራት ጎማ ሞተር ተራራው ላይ ስለማወጣበት ጉዳይ፣ ለክቡር ሴናተር ብላንተን

ለክቡር ሴናተር ሮይስ ብላንተን
የግዛታችን ምክር ቤት፣ ምንጣፉ እግር በሚውጠው ቢሮዎ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ በፊት እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎ ደህና ናቸው? ልጆችዎስ፣ ያቺ በምርጫው ፖስተር ላይ አብራዎት የተነሳችው ነጭ ውሻስ፣ ሁሉም ሰላም ናቸው? ወገብዎስ ተሻለዎት? ስለ ወገብዎ የምጠይቀው ለወጉ አይደለም፣ ባለፈው የአበባ እሁድ፣ ለሙታኖቻችን አበባ በምናወጣበት ቀን፣ ከተራራችን ሲወርዱ በሁለት እጅዎ ይዘውት ስላየሁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳብ ሆኖብኝ ነው። እግዚአብሔር ጤናውን ያብዛልዎት፣ ወንበርዎን ያለስልስልዎት፣ እግርዎን ጭቃ አይንካው።

ትሪና ስቱርጊል እባላለሁ፣ የፓውፓው ሸለቆ ልጅ ነኝ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች በረንዳው ያዘመመው ቤት የኛ ነው፣ ያውቁታል። ትምህርቴን አስረኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፣ ስለዚህ አራት ነጥብ የረሳሁበት ቦታ ካለ እባክዎ ትንፋሽዎን በፈለጉበት ይሳቡ፣ እኔ እንደሆንኩ ትንፋሼን ይዤ ነው የምጽፈው።  ፈሪ ነኝ፣ ይሄ በሸለቆው የታወቀ ነው፣ ነጎድጓድ ሲመጣ አልጋ ሥር ነኝ፣ ፖሊስ ሳይ ምንም ሳላጠፋ መታወቂያዬን መፈለግ እጀምራለሁ፣ አያቴማ «ይቺ ልጅ እኮ ዶሮ ክንፉን ሲያራግፍባት ይቅርታ ትጠይቀዋለች» ትላለች። እንግዲህ እንደኔ ያለች ፈሪ በወረዳው ጋዜጣ ላይ፣ በሙሉ ስሟ፣ እንደርስዎ ላለ ትልቅ ሰው ስትጽፍ ነገሩ ቢብስባት ነው ብለው ይያዙልኝ።

ነገሩ ይሄ ነው። አያቴ ኢሞጂን እህል ትታለች። የተወችው ደግሞ በእርስዎ ሕግ ምክንያት ነው።

እርስዎ ያረቀቁት «ከአውራ ጎዳና ውጪ የሚነዱ የመዝናኛ ተሽከርካሪዎችን ለመቆጣጠር የወጣ ረቂቅ ሕግ» በሬዲዮ ሲነበብ እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር። አያቴ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋዋ ላይ ነች፣ ልቧ ከደከመ ቆይቷል፣ ነርሷም ከእንግዲህ መድኃኒቱ እንዳያማት እንጂ እንዲያድናት አይደለም ብላ ነግራናለች፣ አያቴ ራሷ ታውቃለች፣ ስለሱ እየቀለደች ነው የምትውለው። «ድምፁን ጨምሪው» አለችኝ። ጨመርኩት። ሰውየው ማንበቡን ሲጨርስ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የዋህ ደግሞ «ከጸደቀ ከሚመጣው ወር መባቻ» አልኳት። «እንግዲያው መፍጠን አለብኝ» አለች።

እኔ ስለ ልብስ አጠባው የምታወራ መሰለኝ። የታጠበ አንሶላ ፈልጋ ነው ብዬ ተነሥቼ ቀየርኩላት። ማታ ባቄላዋንና የበቆሎ ዳቦዋን አቀረብኩላት፣ ገፋችው። ጠዋትም እንቁላሉን ገፋችው። ወተት ውስጥ ዳቦ ፈርፍሬ ሳመጣላት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የገባው አጎቴ ሌስተር ነው፣ በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን እያሻሸ «ትሪና፣ እናቴ እኮ ሕጉን ልትቀድመው ነው» አለኝ። የያዝኩትን የወተት ሳህን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

ክቡርነትዎ እንዲገባዎ፣ ማለቴ ቢገባዎም እንዲያስታውሱት፣ የኛ መቃብር ያለው ተራራው ጫፍ ላይ ነው። ወንድ አያቴ ሄርሼል እዚያ ነው፣ የአያቴ እናት እዚያ ናት፣ በሕፃንነታቸው የሞቱባት ልጆቿም እዚያ ናቸው። ወደ ጫፉ የሚወስደው የድሮ የእንጨት ጫኞች መንገድ ነው፣ መኪና አይወጣውም። የሬሳ መኪናው ቤታችን ድረስ መጥቶ ሣጥኑን አውርዶ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የኛ ነው። ሣጥኑን ባለአራት ጎማ ሞተር ከኋላው በሚጎትተው ተሳቢ ላይ ጭነን፣ ከሥሩ ብርድ ልብስ አንጥፈን፣ በገመድ አስረን እንወጣለን። ሁለት ልማድ አለን ደግሞ፣ ከኛ በፊት የነበሩትም በበቅሎ ሲያወጡ ያደርጉት የነበረ ነው። አንደኛው፣ የሚነዳውን ሰው ሟቹ ራሱ በሕይወቱ እያለ ነው የሚመርጠው። ሁለተኛው፣ ጉዞው አንዴ ከተጀመረ ሣጥኑ መሬት ሳይነካ አይቆምም። ዱሮ በቅሎዋን አያቆሟትም ነበር፣ አሁን ሞተሩን አናጠፋውም። ሰው ወደ ቤቱ እየሄደ መንገድ ላይ አይቆምም ነው ነገሩ።

አያቴ የመረጠችው እኔን ነው። አጎቴ ሌስተር ቅር ብሎት ነበር፣ የበኩር ልጇ ነውና። እሷ ግን በሱ ፊት «ሌስተር የሚነዳው ሰርቆ እንደሚሸሽ ሰው ነው። ትሪና ትፈራለች፣ የፈራ ሰው ቀስ ብሎ ይነዳል፣ እኔ ደግሞ ያን ቀን የምቸኩልበት ጉዳይ አይኖረኝም» አለች። እኔን ያን ያህል ያመነኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። አሁን ደግሞ አያቴ፣ ሕጉ ሲወጣ ትሪና ፈርታ ሞተሩን ታጠፋዋለች፣ ከታች ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አዲሱ መቃብር ውስጥ ከማላውቃቸው ሰዎች ጎን ያስተኙኛል፣ ስለዚህ ሕጉ ሳይመጣ ልሂድ ብላ እህል ትታለች።

ለዚህ ነው ቅሬታዬን በቁጥር ላቀርብልዎ የተነሳሁት፣ ሰዎች ለትልቅ ሰው ሲጻፍ በቁጥር ነው ስላሉኝ።

አንደኛ። ይሄ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ሞተራችንን «የመዝናኛ ተሽከርካሪ» ብለው ስለሰየሙልን እናመሰግናለን። እስከዛሬ እየተዝናናን መሆኑን አናውቅም ነበር። ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ሲቆርጠው ነርሷን ከኋላዬ አስቀምጬ ሳመጣ፣ ነርሷ ዓይኗን ጨፍና መዝሙር ስትዘምር፣ ለካ ሁለታችንም እየተዝናናን ነበር። አጎቴ ሌስተር ማዕድን ማውጫ ውስጥ ሲሠራ ሳንባው ተበላሽቶ የኦክስጅን ሲሊንደሩን በሱ ነው የምናመላልስለት፣ ትልቅ መዝናኛ ነው። የማገዶ እንጨቱ፣ የአሳማው መኖ፣ በበረዶ ጊዜ ለጎረቤት የምናደርሰው ሾርባ፣ ይሄ ሁሉ ደስታ እንደነበር ሳናውቀው አመለጠን።

ሁለተኛ። ሕግዎ ሞተር አስፋልት አይንካ ይላል፣ ለማቋረጥም ቢሆን። ከኛ ግቢ እስከ እንጨት ጫኞቹ መንገድ መግቢያ ድረስ ያለው አስፋልት እዚህ ያስነጠሰ ሰው እዚያ ማዶ «ይማርህ» የሚባልበት ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ያልፋል፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ አለቀ። ረቂቁ ላይ መፍትሔ አስቀምጠዋል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ሞተሩ በጭነት መኪና ተጭኖ ይሻገር ብለዋል። እሺ። እንግዲህ አያቴን ሣጥን ውስጥ፣ ሣጥኑን ተሳቢ ላይ፣ ተሳቢውን ከነሞተሩ ጭነት መኪና ላይ ጭነን፣ ድልድዩን ተሻግረን እንደገና ልናወርድ ነው። አያቴ ይሄን ስነግራት «በሕይወቴ እንኳ እንዲህ ያለ አጀብ አላየሁም» አለች። ወይም ደግሞ ይላል አንቀጹ፣ ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ ይገፋ። ሞተሩ ጠፍቶ። ያው ነግሬዎታለሁ።

ሦስተኛው ያስጨነቀኝ ነው፣ ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው። «በተሽከርካሪው ወይም በተሳቢው ላይ ያለ ማንኛውም ሰው ሄልሜት ያደርጋል፣ በተሠራለት መቀመጫ ላይ ይቀመጣል፣ እግሩን ማሳረፊያው ላይ ያደርጋል» ይላል። እንደፈራሁ ቢሮዎ ደወልኩ። የመለሰልኝ ልጅ በጣም ጨዋ ነው፣ ደመወዝ ይጨምሩለት።

«እመቤቴ፣ ሕጉ ግልጽ ነው፣ ማንኛውም ሰው ይላል» አለኝ።

«ሰውየው የሞተ ቢሆንስ?» አልኩት።

ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማኛል። «በአደጋው ነው የሞተው?» አለኝ።

«ኧረ አይደለም፣ ቀድሞ ነው የሞተው። ሣጥን ውስጥ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ሰው ሳይሆን ጭነት ነው ማለት ነው።»

«ጭነት ከሆነስ?»

«ጭነት ከሆነ ከተሳቢው ጠርዝ መውጣት የለበትም፣ ከወጣም በወጣው ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ይንጠለጠልበታል።»

አመስግኜ ዘጋሁት። አያቴ ሁሉንም ሰምታለች፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌው ነበር። ሳቀች፣ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ጀርባዋን ደገፍኳት፣ አጥንቷ ብቻ ነው እጄ ላይ የቀረው። ሳሉ ሲለቃት «ቀዩን እሺ በይው» አለችኝ፣ «ሄርሼል መጀመሪያ ያየኝ ቀን ቀይ ነበር የለበስኩት። በየትኛው ጫፍ ነው የሚንጠለጠለው ግን? በእግሬ በኩል ከሆነ ደስ ይለኛል፣ በራስጌዬ ከሆነ ፀጉሬን ይሸፍነዋል።» ያን ጊዜ ከቀለደች ትበላለች ብዬ ሮጬ ሾርባ አመጣሁ። አፏን ገጥማ ራሷን ነቀነቀች። ክቡርነትዎ፣ እየቀለደ የሚራብ ሰው አይተው ያውቃሉ? እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ነው ያለቀስኩት፣ እንዳትሰማኝ።

አራተኛ፣ ነጂው ዋና ከተማ ሄዶ የሥልጠና ወረቀት ያምጣ ይላል። ሄርሼል ከፊቱ አስቀምጦ መሪውን ያስጨበጠኝ ጥርሴ ሳይነቀል ነው፣ ግን ይሁን፣ እማራለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፣ እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ፍሬን የቱ እንደሆነ ሲያሳዩኝ አያቴን አልጋዋ ላይ ማን ያገላብጥልኛል? ያ ጨዋ ልጅ ይመጣ ይሆን?

አምስተኛው መንገዱ ነው። ያልተመዘገበ መንገድ ሁሉ ዝግ ይሆናል፣ በተዘጋ መንገድ የተገኘ ሞተር ይወረሳል። የተመዘገቡት የትኞቹ ናቸው ብዬ ካርታውን ሳይ ከሌላ ግዛት የሚመጡ ሰዎች በሞተር የሚጫወቱባቸው ናቸው። ለነሱ ክፉ አላስብም፣ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ጭቃ ውስጥ ሲገለበጡ እኛ ነን የምናወጣቸው፣ ሲሄዱም እጅ ያውለበልባሉ። ግን እነሱ ለመጨማለቅ ብለው ተራራውን ሲወጡት ተፈቅዶ፣ እኛ ለመቀበር ስንወጣው ከተከለከለ፣ መቼም እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ልዩነቱን አንድ ቀን ያስረዱኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሕጉን የሚያስፈጽመው ደግሞ ማን ይመስልዎታል? ዳረል ነው። የወረዳችን ፖሊስ ዳረል የአክስቴ ልጅ ነው፣ የኢሞጂን የልጅ ልጅ፣ እናቱ ሥራ ስትውል ሲያለቅስ ያባበለችው፣ አፍንጫውን የጠረገችለት እሷ ናት። ሄርሼልን ስናወጣው ዳረል ነበር የፖሊስ መኪናውን ድልድዩ ላይ አግድም አቁሞ፣ መብራቱን አብርቶ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ አስፋልቱን የዘጋልን። መታጠፊያው ላይ ጎማው ጭቃ ሲይዘው ያን የተተኮሰ ሱሪውን ለብሶ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ገፋ። ሞተሩ አልጠፋም። ዳረል ፊቱ ሁሉ ጭቃ ሆኖ «አትጥፊ፣ አትጥፊ» እያለ ሞተሯን እንደ ሰው ይለምናት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ቤንዚን ማደያው ጋ አገኘሁት። ሲያየኝ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«ትሪና፣ ያ ሕግ ከጸደቀ እኔ ምርጫ የለኝም» አለኝ። «አስቁሜ ሞተሩን መውሰድ አለብኝ።»

«እሷን ከላዩ አውርደህ?»

«እንዲህ አትበይኝ። ይሄ የልጆቼ ጉሮሮ ነው። ወረቀቱ ላይ ዘመድ ከሆነ ይለፍ አይልም እኮ።»

«ዳረል፣ እኔ ፖሊስ እፈራለሁ፣ አንተንም ጭምር፣ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። እኔ ደግሞ እሷን ነው የምፈራው» አለና ቤንዚኑን ሳይሞላ ሄደ።

ዳረልን አይቆጡብኝ፣ እሱ ምን ያድርግ። እኔ የምለው፣ እርስዎ እዚያ ምንጣፍዎ ላይ ቆመው አንድ መስመር ሲጽፉ መስመሩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው የልጅ ልጅ አያቱን ከተሳቢ ላይ ሲያወርድ ነው። ይሄ ሲጻፍ ያልታሰበ ከሆነ አሁን ይታሰብ። ታስቦ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ፣ ድልድያችን ጋ መጥተው እርስዎ ራስዎ ቢያወርዷት ይሻላል፣ ከዳረል ላይ ሸክሙን ያቀልሉለታል።

ሰው እንዳይጎዳ ነው ሕጉ የወጣው ብለው እንደሚሉ አውቃለሁ፣ በሬዲዮም ብለዋል። እውነት ነው፣ በነዚህ ሞተሮች ሰው ይሞታል፣ በኛ ሸለቆም ሞቷል፣ ልጆች ያለ ሄልሜት እንዳይነዱ ቢሉ እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ እጄን የማወጣው፣ ሳልነግርዎ አልቀርም ፈሪ ነኝ። ግን ለደኅንነት የወጣ ሕግ አንዲትን አሮጊት በረሃብ እየገደላት ነው፣ ይሄንንም ከአደጋው ቁጥር ውስጥ ያስገቡልኝ።

ስድስተኛና የመጨረሻው እንደገና ምስጋና ነው። ባለፈው የአበባ እሁድ፣ በግንቦት፣ ሁላችንም ለሙታኖቻችን አበባ ይዘን ጫፉ ላይ ስንወጣ፣ እርስዎም ምርጫው ደርሶ ስለነበር ከፎቶ አንሺዎ ጋር መጥተው አክብረውናል። የአያትዎ የአልቪን ብላንተን መቃብር ከሄርሼል ቀጥሎ መሆኑን ራስዎ ረስተውት አያቴ ናት ያሳየችዎት። ያን ቀን ጫማዎ ለመንገዱ ስለማይሆን ያወጣሁዎት እኔ ነኝ። ከኋላዬ ተቀመጡ፣ ያ ሞተር የአንድ ሰው መቀመጫ ብቻ ነው ያለው፣ እርስዎ የተቀመጡት የዕቃ መጫኛው ላይ ነበር። ሄልሜት ሰጠሁዎት፣ ለፎቶው ፀጉሬን ያበላሽብኛል ብለው መለሱልኝ። አስፋልቱን በሱ ተሻገርን። መንገዱ ያው ያልተመዘገበው ነው። የሥልጠና ወረቀት እንዳለኝ አልጠየቁኝም። እግርዎን የት እንዳሳረፉ አላየሁም፣ እጅዎ ግን ወገቤ ላይ ነበር፣ ሁለቱም፣ መታጠፊያው ላይ ደግሞ ጭንቅላትዎን ጀርባዬ ላይ ለጥፈው «ቀስ በይ ልጄ፣ እባክሽ ቀስ በይ» ይሉ ነበር። ቀስ አልኩ። ከኋላችን ተሳቢው ላይ አያቴ የወጥ ቤት ወንበሯን አስራ፣ የፕላስቲክ አበባዎቿን ታቅፋ ነበር፣ ወደርስዎ ጮክ ብላ «አይዞህ አንተ ልጅ፣ እሷ ከአንተ የባሰ ፈርታለች» ያለችዎትን ያስታውሳሉ?

ስለዚህ አንድ ጠዋት ላይ ሁሉንም አንቀጽ በቅደም ተከተል ጥሰው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ ሰላም ወርደዋል። ሕጉ በሥራ ላይ ስላልነበረ ወንጀል አይደለም። እኔ ግን ከዚያ ቀን አንድ ነገር ተምሬያለሁ፣ ሴናተርም ይፈራል፣ ፈርቶም ይደርሳል። እንግዲህ እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣና ልሰናበትዎ፣ ጊዜዎ ውድ ነው። ይሄን የምጽፈው ለርስዎ ብቻ አይደለም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አያቴ እንድትሰማው ነው። እቤት ውስጥ በጆሮዋ «አወጣሻለሁ» ብላት አታምነኝም፣ ደግማ ደጋግማ «አንቺማ ትፈሪያለሽ፣ አልፈርድብሽም» ነው የምትለኝ። ስለዚህ በአደባባይ፣ ወረዳው ሁሉ በሚያነበው ጋዜጣ፣ ሕጉን ባረቀቀው ሰው ፊት እላለሁ። እኔ ትሪና ስቱርጊል፣ አያቴ ኢሞጂን በራሷ ጊዜ፣ ጠግባ በልታ፣ ሳትጣደፍ ስትሞት፣ ሕግዎ ቢጸድቅም ባይጸድቅም፣ በአስፋልቱ ላይ አልፌ፣ ባልተመዘገበው መንገድ፣ ያለ ሄልሜት ተኝታ፣ ጫፉ ላይ አደርሳታለሁ። ሞተሩን አላጠፋም። ዳረል ድልድዩ ላይ ቢቆም ቀስ ብዬ ነው የምመጣው፣ ለማሰብ ጊዜ ይኖረዋል። ቅጣት ካለ ልቀጣ፣ ሞተሩ ይወረስ ከተባለም ሣጥኑ መሬት ከነካ በኋላ ቁልፉን ራሴ አስረክባለሁ። እስር ቤትም ከሆነ ልሂድ፣ እዚያ ነጎድጓድ ብዙ አይሰማም ይሉኛል። ይሄን ሁሉ ፈርቼም ቢሆን ጻፍኩት፣ ከእንግዲህ ማጥፋት አይቻልም።

የአያትዎን መቃብር ሣር የምናጭደው እኛ መሆናችንንም ላስታውስዎ፣ ማጨጃው የሚወጣው በዚያው ሞተር ነው። ሞተሩ ከተወረሰ አቶ አልቪን ሣር ይውጣቸዋል፣ እኛ በጣም እናዝናለን። ማጭዱን በእጅዎ ይዘው በእግርዎ ለመምጣት ከፈለጉ መንገዱ ለእግረኛ ክፍት ነው፣ ሕግዎ ላይ አይቻለሁ፣ ወገብዎ ከፈቀደልዎት።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ደግነትዎ፣ ከዚህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ መሃል የአንዲትን አሮጊት የመጨረሻ መንገድ ለማሰብ ስለወሰዱት ጥንቃቄ በሸለቆው ሕዝብ ስም፣ በሕያዋኑም ከጫፉ ላይ ባሉትም ስም፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣ ፈሪዎ፣ የድምፅ ሰጪ ካርዷንም በጥንቃቄ ያስቀመጠች፣
ትሪና ስቱርጊል
ፓውፓው ሸለቆ

ማስታወሻ፦ ይሄን ደብዳቤ ለጋዜጣው ከማስረከቤ በፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለአያቴ አነበብኩላት። ወደ መስኮቱ ዞራ ነው የሰማችው። ስጨርስ «ስምሽን ጽፈሻል?» አለችኝ። «ጽፌያለሁ» አልኳት። «ሙሉ ስምሽን?» «ሙሉ ስሜን።» ፊቷን ከመስኮቱ ወደኔ መለሰች። ከዚያ «ሴናተሩ እንደጮኸ አልጻፍሽም፣ መታጠፊያው ላይ ጮኋል እኮ» አለችኝ። አሁን ይኸው ጻፍኩት።

ቀጥላም «ባቄላው ቀዝቅዟል?» አለች። አሞቅኩላት፣ የበቆሎ ዳቦውን ፈረፈርኩበት፣ ሳህኑን ያዝኩላት፣ በላች። ማንኪያውን ስትመልስልኝ የርስዎ የሥልጣን ዘመን መቼ እንደሚያበቃ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«እንግዲያው አልቸኩልም» አለች።